ክፍት ቮልስ ገዛሁ፤ ከሸራው ልጀምር ወይስ ከታች?

ናቲ_ቮልስ

ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር የማነበው፤ አሁን ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ። ቮልስ 1303፣ እ.ኤ.አ. የ1974 ምርት፣ ሸራው የሚታጠፈውን ገዛሁ። ባለቤቱ አዛውንት ነበሩ፤ ካረፉ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ለዓመታት ቆሟል። ሞተሩ ይነሳል፤ ያጨሳል ግን ይነሳል። ሸራው ተቀዳዷል። የኋላው መስታወት ደህና ነው። ምንጣፉን ሳነሳ ግን መሬቱ በቀዳዳ ታየኝ። የሹፌር በኩል በር ደግሞ በእጅ ከፍ ካልተደረገ አይዘጋም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «ሸራውን እናሰፋልሃለን፣ ወለሉ ላይ ላሜራ እንለጥፋለን፣ ቀለም ቀብተን እናስረክብሃለን፣ በሩ የማጠፊያ ችግር ነው» አሉኝ። ዋጋቸውም አይከፋም። እኔ ግን ቅዳሜና እሁድ በራሴ እጅ ብሠራው ደስ ይለኛል። ብየዳ ትንሽ ትንሽ እችላለሁ። ክረምት ሳይገባ ሸራውን ላስጨርስ ብዬ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ካንዴላ

እንኳን ደስ ያለህ ብሮ! ፎቶ የለም እንዴ? ያለ ፎቶ አናምንም።

ጋሽ_ፒንሳ

ልጄ፣ ሸራውን ለጊዜው እርሳው። ቀለሙንም እርሳው። በሩ ነው የሚነግርህ።

አሁኑኑ ሂድና ይህን አድርግ። በሩን ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ማጠፊያው ላይ ቋ ቋ ካለ ፒኑ አልቋል፤ እሱ ቀላል ነው። ድርቅ ብሎ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን በሩ አልወረደም፣ መኪናው ነው የታጠፈው። ከዚያ በሩን ዝጋና በዙሪያው ያለውን ክፍተት እይ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መሀሉ ሰምጧል ማለት ነው።

ጣሪያ ያለው መኪና ሸክሙን ለጣሪያውም ያካፍላል። ክፍቱ ጣሪያ ስለሌለው ጉልበቱ በሙሉ ከበሩ ስር ባለው ባዶ የብረት ሳጥን ላይ ነው። ያ ሳጥን ቮልስ ላይ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚወስደው መተላለፊያ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበሰብሰው። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ካቻቢቴ ይዘህ ከታች ወጋ ወጋ አድርገው። ከገባ ገባ ነው።

ማጠፊያ ነው ያሉህ ሰዎች ወይ አላዩትም ወይ አይተው ዝም ብለዋል።

ናቲ_ቮልስ

ጋሼ ስለ ምክርዎ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ከመኪናው ስር ወጥቼ ነው የምጽፍልዎት። ማጠፊያው አይነቃነቅም። ከላይ ያለው ክፍተት ጣቴን አያስገባም፣ ከታች ግን እንደ ልብ ነው። ካቻቢቴውንም እንዳሉት ሞከርኩት። ሹፌር በኩል ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል፤ እሱን ፍቄ ሳነሳው ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ስር የወተት ቆርቆሮ የሚያህል ስስ ላሜራ በሪቬት ተመቷል። ከላሜራው ጀርባ ምንም የለም። እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ዝገቱ እንደ ቅጠል እየተነባበረ ይወጣል።

በእርስዎ በኩል ይህ ተስፋ አለው?

ካንዴላ

በሪቬት!!! እንዲህ ነው እንግዲህ «ተሠርቷል» ተብሎ የሚሸጥልን። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ ስንል አትሰሙም። ማግኔት ካልያዘ ስቱኮ ነው፣ አለቀ።

ሔርሜላ_ጀርመን

ተስፋ አለው ናቲ፣ አትደንግጥ። እዚህ ጀርመን ከዚህ የባሰ መኪና ሲነሳ አይቻለሁ። እኔና ባለቤቴ የ1972ቱን 1302 ነው የሠራነው፤ ወለሉም ሳጥኖቹም ተቀይረዋል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አጣራ። እውነተኛው ክፍት ቮልስ ነው ወይስ የሆነ ሰው ጣሪያውን የቆረጠው? እውነተኞቹን ቮልስዋገን ራሱ አልነበረም የሚገጥማቸው። ካርማን የሚባለው ድርጅት ኦስናብሩክ ከተማ ነው የሠራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 መጀመሪያ፣ ከ330 ሺህ በላይ። የኋላውን ወንበር አንሳና መሀሉ ላይ ባለው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብብ። በ15 ከጀመረ ክፍት ሆኖ የተወለደ ነው። በ11 ወይም በ13 ከጀመረ ባለ ጣሪያ ነበር። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግርሃል፤ ያንተ 154 መሆን አለበት። ሊብሬው ላይ ያለውም ከእሱ ጋር አንድ ይሁን።

ለምን ይጠቅማል ብትል፣ ካርማን ከተራው ቮልስ ላይ ጣሪያ ብቻ አይደለም ያነሳው። ከሳጥኖቹ ስር ተጨማሪ የብረት ድጋፍ ገጥሟል፣ የበሩን ምሰሶዎች አጠናክሯል። ክፍቱ ቮልስ ጣሪያ ባይኖረውም ከባለ ጣሪያው የሚከብደው ለዚህ ነው። ዕቃ ስታዝ «ለካብሪዮሌት» ብለህ እዘዝ። የተራው ሳጥን ይገጥማል፣ ግን ድጋፉ የለውም።

ናቲ_ቮልስ

154! ልቤ ተመለሰ። ሊብሬውም ያው ነው። አመሰግናለሁ እህቴ።

አቤል_22

ክሩን ልጥለፍ ይቅርታ 😅 እኔ ተራ 1300 አለኝ። ጣሪያውን በግራይንደር አንስቼ ክፍት ላደርገው አስቤ ነበር። ለሠርግ የሚከራይ ያደርገዋል አሉኝ። ከበሩ ስር ጥሩ አንጎላሬ ቢበየድበት አይበቃም?

ጋሽ_ፒንሳ

አይበቃም። ሙሽራና ሚዜ ጭነህ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ በሩ ካልተከፈተ ምን ልትል ነው? በዚያ ላይ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ ሊብሬህ ላይ የሌለ መኪና ይዘህ ነው የምትቀርበው፤ ቦሎ ማን ይሰጥሃል? ጤነኛ ባለ ጣሪያ ቮልስ ዛሬ ራሱን የቻለ ንብረት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መያዝ እንጂ መቁረጥ የለበትም።

አቤል_22

ተረዳሁ ጋሼ። ግራይንደሩን መለስኩት።

ሔርሜላ_ጀርመን

ወደ ናቲ ልመለስ። ክፍት መኪና የሚበላሸው በዝገት ብቻ አይደለም፣ ዝገቱን ሊያስወግድ በተነሳ ሰውም ነው። የበሰበሰውን ሳጥን እንዲሁ ቆርጠህ ካወጣኸው መኪናው መሀል ላይ ይታጠፋል፤ አዲሱን ሳጥን በታጠፈበት ትበይዳለህ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ዕድሜ ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ይታሰራል።

በሩን ታወጣለህ። ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው ምሰሶ ወፍራም አራት ማዕዘን ቱቦ ትበይዳለህ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ሰያፍ። ሁለቱንም ጎን። ከዚያ ግራና ቀኙን እርስ በርስ በአግድም ታያይዛለህ። ከማሰርህ በፊት ግን በሩ ቦታው ላይ እያለ ከመሀል በክሪክ ቀስ እያልክ ታነሳለህ፤ ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን። እኩል ሲሆን መለኪያውን ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ እሰር።

አንድ ጎን ሳትጨርስ ሌላውን እንዳትነካ።

ጋሽ_ፒንሳ

ልጅቷ በደንብ ነው የተናገረችው። ትንሽ ልጨምር።

ክሪኩን እንጨት አስደግፈህ አስገባው፤ አለበለዚያ የበሰበሰውን በስቶ ይገባል። ከመሀል የሚያነሱት ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም። ትንሽ አንስተህ ተወው፣ በማግስቱ ጨምር። ብረቱ ለዓመታት ታጥፎ የኖረ ነው።

አካሉ ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በዙሪያው በተደረደሩ ቡሎኖች ነው፣ በ13 ቁልፍ የሚፈቱት። እነሱ ላይ ዘይት አፍስስባቸውና ይደሩ። በጉልበት ከሄድክ ይቆረጣሉ። በሁለቱ መሀል ደግሞ ረጅም የጎማ ጓርኒሲዮን አለ፤ አሮጌውን እንዳትመልስ። ውሃ ወደ ወለሉ የሚገባው በእሱ በኩል ነው።

ናቲ_ቮልስ

ጥያቄ አለኝ። ያለኝ ብየዳ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ነው። ይሆናል? የሳጥኑን ብረት ደግሞ እዚሁ አሳጥፌ ባሠራው? ሶማሌ ተራ ስጠይቅ የክፍቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የተራውን ቮልስ ዕቃ ግን የሚጠይቁትን ሁሉ ያወጣሉ።

ጋሽ_ፒንሳ

ቱቦውን ለማሰር ኤሌክትሮዱ ይሠራል። ለላሜራው ግን አይሆንም፤ የአንድ ሚሊሜትር ብረት ነው፣ ስትነካው ይበሳል። የጋዝ ብየዳም ሙቀቱ ስለሚሰፋ ላሜራውን ያጣምመዋል። ሲኦቱ (በጋዝ ተከልሎ በቀጭን ሽቦ የሚበይደው ማሽን) ያለው ሰው ፈልግና ተከራይ፣ ወይም ሰውየውን ራሱን ከነማሽኑ ግቢህ ድረስ አምጣው። ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይሂድ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከመሀል። አንድ መስመር ላይ ሙጭጭ ብሎ እንዳይጎትት።

ማሳጠፍ ይቻላል። ጥሩ ላሜራ አጣፊ ካለህ የውጭውን ቅርጽ ይሠራልሃል። ግን ናሙና ይዘህ ሂድ፣ በአፍ ነግረህ እንዳትመለስ።

ስትበይድ ባትሪውን ፍታ። የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት ኮፈኑ ስር መሆኑን አትርሳ፣ ከግቢው አውጣው። አጠገብህ ባልዲ ውሃና አሸዋ ይኑር።

ሔርሜላ_ጀርመን

እኔ በዚህ ላይ ከጋሼ ትንሽ እለያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ወለሉን እዛው ማሳጠፍ ችግር የለውም። የበሩን ስር ሳጥን ግን ከውጭ ብታስመጣው ይሻላል። የፋብሪካው ሳጥን ውስጥ የአየር ቧንቧው አለ፣ የቡሎን ማስገቢያዎቹም ልካቸውን ጠብቀው ተበስተዋል። እዚህ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ስለተመረተ ዕቃው አልጠፋም። ረጅም ስለሆነ ማጓጓዣው ነው የሚያስቸግረው። ወደ አዲስ አበባ ኮንቴይነር የሚልክ ሰው ፈልግና አስገባበት።

እዚህ መኪና በየ2 ዓመቱ ይመረመራል፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚያንኳኳው እነዚያን ሳጥኖች ነው። ድምፁ ጥሩ ካልሆነ የቀለሙን ማማር አያይልህም።

ጋሽ_ፒንሳ

አቅም ካለው እሷ ያለችው ይበልጣል፣ አልከራከርም። አቅም ከሌለው ግን መኪናው ቆሞ ከሚበሰብስ ያሳጥፈው። ብቻ ወፍራም ብረት ይሻላል ብሎ የ3 ሚሊሜትር እንዳይበይድበት። ወፍራሙ አይነቃነቅም፤ አጠገቡ ያለው ስሱ ብረት ይሰነጠቃል።

ቨርጂኒያው

ሰላም ከአሜሪካ። ቮልስ አላውቅም፣ ግን ማዝዳ ሚያታ አለኝ፣ የ1990ውን፣ እና ነገሩ ያው ነው። ሚያታ ላይ ከሸራው የሚወርደው ውሃ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። ቅጠልና አፈር ሲደፍናቸው ውሃው ወደ በሩ ስር ሳጥን ይገባል፤ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ጥግ ይበላል። ልክ ናቲ እጁን ባስገባበት ቦታ! በሳምንት አንዴ ቀጭን የፕላስቲክ ሽቦ ከላይ ወደ ታች እሰዳለሁ። ክፍት መኪና ያለው ሁሉ ውሃው በየት እንደሚወጣ ይወቅ፤ መግባቱማ አይቀርም።

ካንዴላ

የኛ ሰው ደግሞ ከታች የተቃጠለ ዘይት ይረጫል። ዝገት ይከላከላል ወይስ አይከላከልም? ተከራከሩልኝ እስቲ።

ጋሽ_ፒንሳ

ለሎሪ ሻንሲ ምንም አይል። ለዚህ ግን ያ ጓርኒሲዮን ያልኩት ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጥና ይሟሟል። አቧራውንም ይዞ ጭቃ ይሆናል። ነገ የሚበይድ ሰው ደግሞ እሳት ይነሳበታል። በአንቲረስት ቀባ፣ መጋጠሚያውን በማሸጊያ ዝጋ፤ የሳጥኑን ውስጥ በረጅም ቱቦ ሰም ንፋበት፣ አለቀ።

ሚኪ_ሸራ

እኔ መርካቶ ሸራና የወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ናቲ ሸራውን ለኋላ ማድረግህ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላም አለ። የክፍት ቮልስ ሸራ የሚለካው በበሩ መስታወት ነው። በሩ ሲስተካከል መስታወቱ ይነሳል፣ መስታወቱ ሲነሳ የሸራው ብረት ይስተካከላል። አሁን በታጠፈው ላይ ብሰፋልህ፣ በሩ ሲቃና ሸራው ያጥርሃል። ያኔ ደግሞ ሰፊው ነው የሚሰደበው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው አንድ ሸራ ብቻ ይመስለዋል። ሦስት ነው። ከውስጥ ሆነው የሚያዩት የጣሪያ ጨርቅ አለ፣ መጀመሪያ የሚወጠረው እሱ ነው። ከዚያ ፍራሹ፤ የፋብሪካው ከፈረስ ፀጉር የተሠራ ነበር። ከዚያ የላይኛው። ፍራሹን ትተው የላይኛውን ብቻ የሚሰፉ አሉ፤ የብረቱ ጎድን ከላይ ይታያል፣ በመንገድ ላይ ይንጫጫል፣ ብረቱ እየፈገፈገ በዓመቱ ይበሳዋል።

ሸራው የሚመታው ደግሞ እንጨት ላይ ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው እንጨት ነው፣ ከኋላም አለ። በጥፍርህ ጫን ብለህ እየው። ከገባ ሚስማር አይዝም። በደረቅ ዋንዛ ይቀረጻል፤ አሮጌውን እንዳትጥለው፣ ልኩ እሱ ነው።

ናቲ_ቮልስ

ሚኪ የኋላው እንጨት ዱቄት ሆኗል፣ የፊቱ ደህና ነው። የላይኛውን በምን ልታሰፋልኝ ታስባለህ? አንድ ሰው የድንኳን ሸራ ይበቃል ብሎኛል፣ ርካሽ ነው።

ሚኪ_ሸራ

የድንኳን ሸራ ሲረጥብ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ ይለጠጣል። ድንኳን ላይ ገመዱን ታላላለህ፤ መኪና ላይ ምን ታላላለህ? ለመኪና ጣሪያ የሚሠራ ቪኒል ወይም ባለ ሦስት ንብርብር ጨርቅ ፈልግ። የተዘጋጀ ከውጭ የሚመጣ ካገኘህ እኔ እወጥርልሃለሁ፤ ካልሆነ ቪኒሉን እዚሁ እንቆርጣለን። የምንወጥረው በፀሐይ ነው፣ ቀትር ላይ። በብርድ የተወጠረ ቪኒል ሲሞቅ ይላላል።

እርጥብ ሸራ አትጠፍ። ሁሌም።

ናቲ_ቮልስ

ገባኝ። ክረምቱን እንግዲህ በፕላስቲክ ሸፍኜ አሳልፈዋለሁ። ሞተሩስ? ሰፈር ውስጥ እየነዳሁ ላቆየው ወይስ ላቁመው?

ጋሽ_ፒንሳ

በዚያ ሳጥን አትንዳው። በየሳምንቱ ግቢ ውስጥ አስነሳው ግን መጀመሪያ የነዳጅ ቱቦዎቹን ቀይር፣ ዛሬ ነገ ሳትል። የቮልስ ነዳጅ ቱቦ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ ከላይ ደህና ይመስላል፣ ጎንበስ ስታደርገው ይሰነጠቃል። ነዳጁ የሚንጠባጠበው ሞተሩ ላይ ነው፣ ዲስትሪቢዩተሩም እዚያው አጠገብ ነው። ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል። የሞተሩ ቤት ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም። ባትሪው ደግሞ ከኋላ ወንበር ስር ነው። የወንበሩ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ራስ እንዳይነካ ክዳን አድርግበት፤ ጎማም ቢሆን።

ከዚያ የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ጠዋት፣ 0.15 ሚሊሜትር አድርግ። የፑንቲናውን፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን የእሳት ማቋረጫ፣ ክፍተት ደግሞ 0.4። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀይር። ጭሱ ሰማያዊ ነው ጥቁር?

ናቲ_ቮልስ

ጥቁር ነው ጋሼ። ካንዴላዎቹም ጥላሸት ለብሰዋል።

ካንዴላ

እኔን ነው?

ጋሽ_ፒንሳ

ጥቁር ከሆነ እሰየው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አላለቀም፣ ቤንዚን በዝቶበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ጉልበቱን እዚሁ ያጣል። ካርቡራተሩ ጀርመን ሲሠራ የተገጠመለት ጂግለር፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ፣ ለቆላ ነው። አንድ ሁለት ቁጥር ያነሰ ጂግለር አስገባ፣ መጀመሪያ ግን የካርቡራተሩ አየር ማነቂያ ተከፍቶ መቆሙን እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው፣ ሰው ግን ሞተር ያስወርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ። ቮልስ ውሃ የለውም፣ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነው። ንፋስ መስጫውም ዲናሞውም በአንድ ቺንጊያ ነው የሚዞሩት። ቀይዋ የቻርጅ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች «ባትሪ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» እንዳትል፤ ቁም። ትርፍ ቺንጊያና ቁልፉ ከመኪናው አይለይ።

ሔርሜላ_ጀርመን

እዚህ ላይ ለክፍት ቮልስ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ጣሪያው ከኋላ መስታወቱ ስር አየር ማስገቢያ አለው። ክፍቱ ላይ ሸራው ሲታጠፍ እዚያ ቦታ ስለሚቀመጥ ማስገቢያው የለም፤ አየሩን የሚስበው በሞተሩ ክዳን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። አንዳንዱ ክዳን ሲበሰብስበት ቀዳዳ የሌለውን የድሮ ክዳን ይገጥማል። ሞተሩ ይታፈናል። ያንተን አይተኸዋል?

ናቲ_ቮልስ

ቀዳዳ አለው፣ ግን የሆነ ሰው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ከውስጥ ላሜራ በይዶበታል 🤦

ጋሽ_ፒንሳ

አውልቀው። ዛሬ።

ናቲ_ቮልስ

አውልቄዋለሁ። እንግዲህ ቅደም ተከተሌ ይኸው፣ ካጠፋሁ አርሙኝ፦ ነዳጅ ቱቦና የባትሪ ክዳን አሁን። ከዚያ በሩን ከመሀል በክሪክ ማቃናት፣ መለካት፣ ማሰር። ሹፌር በኩል ሳጥንና ግማሽ ወለል፣ ከዚያ በሩን መልሶ መግጠምና ማየት፣ ከዚያ ሌላው ጎን። ፍሬን። ከዚያ የሚኪ ሥራ። ቀለም መጨረሻ። ሔርሜላ የሳጥኖቹን ዋጋ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ሚኪ_ሸራ

ቀለሙ ከኔ በፊት ይሁን ወንድሜ። ሸራ ከተወጠረ በኋላ ቀለም ቢረጭ የቪኒሉ ዳር ሁሉ ይነካል፣ መሸፈኛ ወረቀቱም አይችለውም። አንተ ቀለም ጨርሰህ፣ በሩን ገጥመህ፣ መስታወቱን አስነስተህ ጥራኝ።

ጋሽ_ፒንሳ

ሚኪ ልክ ነው። ፍሬኑ ላይ ደግሞ አሮጌውን የፍሬን ሸራ ስታወጣ አቧራውን በኮምፕሬሰር እንዳትነፋ፣ የድሮዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። አራቱንም የጎማ ቱቦዎች ቀይር፤ ዓመታት የቆመ መኪና ቱቦው ከውስጥ ያብጥና ፍሬኑ ይይዝና አልለቅም ይላል።

በሩን አቃንተህ ከማሰርህ በፊት የአራቱንም ጥግ መለኪያ እዚህ ጻፍልን። እንየውና ከዚያ ትቆርጣለህ።